ቦርዱ ሐይቅ ላይ የዋለ ዕለት

ሙሉነሽ ወልደ ሐዋርያት ቃለ ጉባዔ የምትጽፈው ስብሰባው ከመካሄዱ በፊት ነበር። ከስብሰባው በኋላ የሚጨመር ነገር ኖሮ ስለማያውቅ ነው እንጂ ስንፍና ይዟት አይደለም። የምትሠራበት የሐይቆች ጉዞ ጽሕፈት ቤት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይሁን እንጂ ዋናው ቢሮ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። የሥራ አመራር ቦርዱ በየሩብ ዓመቱ በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ይሰበሰባል፣ ዓሣውን ይበላል፣ በማታው ይመለሳል። ሙሉነሽ የቦርዱ ጸሐፊ ናት።

የቦርዱ አባላት አምስት ናቸው። ሁለቱ ምንጊዜም ሌላ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሙሉነሽ መልካቸውን የምታውቀው ከፎቶ ነው። የቀሩት ሦስቱ ምልዓተ ጉባዔ ይሞላሉ። ሰብሳቢው ክቡር አቶ አካሉ ሚኒስትር ዴኤታ ናቸው፤ የስንት መሥሪያ ቤት ቦርድ እንደሚመሩ እሳቸውም በእርግጠኝነት አያውቁም። አንድ ጊዜ ስብሰባውን ሲከፍቱ «በእንስሳት መኖ አቅርቦት ላስመዘገባችሁት ውጤት» ብለው የጀልባ መሥሪያ ቤቱን አመስግነዋል፤ ኃላፊዎቹም አጨብጭበዋል። ሁለተኛው ዶክተር ሕዝቅኤል፣ ከወላይታ መጥተው አዲስ አበባ የከተሙ የኮሌጅ መምህር፣ ጭምት ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ይጠርጉና «እንግዲህ ይጽደቅ» ይላሉ። ሦስተኛዋ ወይዘሪት ሀኒ ከአንድ ሚኒስቴር የሕግ ክፍል የተወከለች ወጣት ናት። በመጀመሪያው ስብሰባዋ አንድ ጥያቄ ጠይቃ ነበር። አቶ አካሉ ሰዓታቸውን አዩ፣ ዋና ዳይሬክተሩ ፈገግ አሉ፣ ምሳ ደርሷል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ኃይለ ገብርኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። እንግዳ ይወዳሉ፣ ሠራተኛ ሲታመም ሄደው ይጠይቃሉ። የስብሰባውን ወፍራም ጥራዝ ግን የሚያድሉት አባላቱ ወንበር ስበው ከተቀመጡ በኋላ ነው። «እስቲ ገለጥ ገለጥ አድርጉት» ይላሉ። ገለጥ ገለጥ ይደረጋል፤ ከዚያ እጅ ይወጣል። ሙሉነሽም ትናንት የጻፈችውን «ቦርዱ በሰፊው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ፊደል እንዳልተሳሳተች ታያለች።

ነገሩ ሲያስቃት ኖረ። ያደገችው ዘጌ ነው፤ አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ቅኔ ሲያስተምሩ፣ አንድ ተማሪ «ገባኝ» ያለ እንደሆነ «እስቲ ምን ገባህ?» ብለው ያፋጥጡት ነበር። እሷ ከጎጆው ጀርባ ተደብቃ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ የተማሪዎቹን መንተባተብ ትሰማለች። ቦርዱ እጅ ባወጣ ቁጥር አባቷን በሰብሳቢው ወንበር ላይ አስቀምጣ ታይና ሳቋ ያመልጣታል። ሳል ታስመስለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዘዘ ቢሮዋ ገባ። አዘዘ የነፍስ አድን ጀልባው ነጂ ነው። ዘጌ ጎረቤት ሆነው ስላደጉ እንደ ታላቅ እህቱ ያያታል። ጫማው ውሃ ያንጠባጥባል።

«እታለም፣ ጀልባዬን ወሰዱብኝ።»

«ማን ነው የወሰደብህ?»

«ዳይሬክተሩ ናቸዋ! የእንግዳ መቀበያ ትሁን አሉ። ሶፋ አስገቡባት። ፍሪጅ አስገቡባት። ላይፍ ጃኬቶቹን ቦታ አጣበቡ ብለው መጋዘን አስቆለፉባቸው። አሁን ደግሞ ያን ብርቱካናማ ቀለሟን በነጭ ሲለቀልቁት አየሁና መጣሁ።»

ሙሉነሽ አጀንዳውን አወጣች። ራሷ የተየበችው ነው፤ አራተኛው ላይ «የአንድ ጀልባ አገልግሎት ማሻሻያ» ይላል። የትኛዋ ጀልባ እንደሆነች መጠየቅ ለእሷም አልታሰባትም ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ጣና ላይ ያለው የነፍስ አድን ጀልባ ይህችው ናት። ባለፈው ክረምት ማንጎ ጭነው ወደ ከተማ ሲመጡ ታንኳቸው የተገለበጠባቸውን የዘጌ ሰዎች ያወጣች እሷ ናት። ከመካከላቸው አንዱ የሙሉነሽ አክስት ባል ነበር። ሰውየው ተረፈ፣ ማንጎው ሰጠመ፤ እስከ ዛሬ የሚያማርረው ስለ ማንጎው ነው።

በቀጥታ ወደ ዋና ዳይሬክተሩ ገባች።

«ጀልባዋ ተቀየረች ሲሉ ሰማሁ። ቦርዱ እኮ ገና አልወሰነም።»

አቶ ኃይለ ገብርኤል አልተቆጡም። ወንበር ጋበዟት።

«ሙሉነሽ፣ አንቺ ከማንም በፊት ነው እዚህ ቤት የገባሽው። እስቲ ንገሪኝ፣ ቦርዱ እምቢ ያለበት ቀን ትዝ ይልሻል?»

አሰበች። ትዝ የሚላት ቀን አልነበረም። ሰውየው እውነታቸውን ነው፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ወደ ቢሮዋ ስትመለስ ያች ከጎጆ ጀርባ ተደብቃ የምትስቀው የዘጌ ልጅ ውስጧ ተነሣች። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ በሩን አንኳኳች።

«አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የዚህ ሩብ ዓመት ስብሰባ ለምን ጀልባዋ ላይ አይሆንም? አባላቱ ምቾቷን ራሳቸው ያዩታል።»

ዋና ዳይሬክተሩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንቺ ሴት! ይህን ሁሉ ሐሳብ የት ደብቀሽው ኖርሽ?»

አዘዘን ደግሞ ወደብ ሄዳ አገኘችው። «የክብራንን ደሴት አለፍ እንዳልህ የነዳጁን መዝጊያ ጥርቅም ታደርገዋለህ። ጥቂት ይቀመጡ፣ ያንብቡ። መነጽሬን ሳወልቅ ትከፍተዋለህ።»

«እታለም፣ እንጀራዬን እንዳታስቀሪብኝ!»

«እኔ አለሁልህ» አለችው። ቃሉ ከአፏ የወጣው በቀላሉ ነበር።

የስብሰባው ቀን ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። አቶ አካሉ ኮታቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። ወይዘሪት ሀኒ ፀሐይ መከላከያ መነጽሯን አደረገች። ዶክተር ሕዝቅኤል የጀልባዋን ጠርዝ በአንድ እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። አቶ ኃይለ ገብርኤል ጥራዙን አደሉና ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ እያወጡ ለሁሉም አቀረቡ። ክብራንን አልፈው የዘጌ ጫካ በሩቁ ብቅ ሲል ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

«ምን ሆነ?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«እስቲ ልየው» አለ አዘዘ፣ አንገቱን ወደ ሞተሩ ቀብሮ። ውሸት ስለማይችል ፊቱን ማሳየት አልፈለገም።

ጥቂት ተጠበቀ። ጀልባዋ ቀስ እያለች ጎኗን ሰጥታ ትዞራለች። አቶ አካሉ ሰዓታቸውን አዩ።

«አደጋ ሲደርስ የሚደወልበት ቁጥር የለም እንዴ?»

«እንዴታ፣ አለ! ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ነው» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ በኩራት፣ ቁጥሩንም በቃላቸው ነገሯቸው። አቶ አካሉ ደወሉ። ከጀልባዋ ኋላ፣ ከአዘዘ ኪስ ውስጥ፣ ስልክ ጮኸ። አዘዘ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አነሣው። ፊት ለፊት እየተያዩ ነው።

«አቤት፣ ነፍስ አድን።»

«ሐይቅ ላይ ቆመን ቀርተናል» አሉ አቶ አካሉ፤ አፋቸው የጀመረውን ሳይጨርስ አልቆም ብሎ። «ጀልባ ላኩልን።»

«ያለችን አንድ ናት፣ ክቡርነትዎ። ተቀምጠውባታል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሙሉነሽ ቃለ ጉባዔዋ ላይ አጎንብሳ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከዚያ ወይዘሪት ሀኒ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዙሪያዋን አየች።

«ላይፍ ጃኬቶቹ የት ናቸው?»

«መጋዘን» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«ለምን?»

«ለፍሪጁ ቦታ እንዲለቅ…»

ዶክተር ሕዝቅኤል ዋና አይችሉም። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ጥራዙን ግን ድንገት እንደ ዳዊት መግለጥ ጀመሩ። አራተኛውን አጀንዳ አገኙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «እዚህ ላይ ‹ማሻሻያው በቦርዱ ሲፈቀድ ሥራው ይጀመራል› ይላል። ታዲያ እኔ የተቀመጥኩበት ይህ ሶፋ ምንድን ነው?»

«ለናሙና ያህል ነው፣ ዶክተር።»

«የተቀባውስ? ቀለሙም ናሙና ነው?»

አቶ አካሉ ክርክር ሲጀመር እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አነሡ። «በቃ፣ ጊዜ አናባክን። አጀንዳ አራትን አጽድቀን…»

«ክቡርነትዎ» አለች ሀኒ፣ «አጽድቀነው የለ እንዴ? እነሆ የጸደቀው ላይ ቁጭ ብለናል። የሚመጣልን ማን ነው?»

አቶ አካሉ እጃቸውን አወረዱ። ሐይቁን አዩ። ከዚያ ሙሉነሽ አይታው የማታውቀውን ነገር አደረጉ፤ ጥራዙን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈቱ። ከአንድ ጀመሩ። ጎርጎራ ለሚሠራው የወደብ ማረፊያ ቦታውን ማን መረጠው? የውስጥ ኦዲት ክፍሉ ለቦርዱ ነው ወይስ ለዋና ዳይሬክተሩ የሚያቀርበው? ለቦርዱ ከሆነ ቦርዱ አይቶት የማያውቀው ለምንድን ነው? አቶ ኃይለ ገብርኤል አንዱን ሲመልሱ ሌላው ይነሣል፤ ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ዶክተር ሕዝቅኤል ለካ ሲናገሩ የሚያምርባቸው ሰው ኖረዋል። ሙሉነሽ ቀድማ የጻፈችውን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው አዲስ ቃለ ጉባዔ ያዘች፤ እጇ እስኪዝል ጻፈች፤ ደስታዋም ልክ አልነበረውም።

በመጨረሻ ይበቃል ብላ መነጽሯን አወለቀች። አዘዘ መዝጊያውን ከፈተ፣ ሞተሩን ሳበ። አልተነሣም። ደግሞ ሳበ። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አወለቀች። አዘዘ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተጠግቶ በጆሮዋ፣ «እታለም፣ አሁንስ የምሬን ነው። አየር ገብቶበታል መሰል» አላት።

ያን ጊዜ ነፋሱ መጣ። ጣና ከሰዓት በኋላ ጠባዩ እንደሚለወጥ የዘጌ ልጅ ያውቃል፤ ሙሉነሽም ታውቅ ነበር፤ ግን ቀልዷ ከዚያ በፊት የሚያልቅ መስሏት ነበር። ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ፍሪጁ ተንሸራቶ የአቶ አካሉን ቁርጭምጭሚት ገጨ። ዶክተር ሕዝቅኤል ዓይናቸውን ጨፍነው በወላይትኛ አንድ ነገር ያጉተመትማሉ። ሀኒ የሙሉነሽን ክንድ ያዘች። ሙሉነሽ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። «ምን አደረግሁ?» አለች በሆዷ። «እነዚህን ሰዎች ያለ ላይፍ ጃኬት ያሳፈርኋቸው እኔ ነኝ።»

ከገበያ የሚመለሱ ሁለት የዘጌ ታንኳዎች ባያዩአቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ይወቅ። የፊተኛው ታንከኛ ቀርቦ ጀልባዋን ተመለከተ።

«ይቺ ነፍስ አድኗ አይደለችም እንዴ? ነጭ ለብሳ ነው ያላወቅኋት።»

«እሷው ናት» አለ አዘዘ።

«ምነው ታዲያ?»

«ስብሰባ ላይ ናት።»

ታንከኞቹ ገመድ ወረወሩ። ሁለት የደንገል ታንኳ አንዲት የመንግሥት ጀልባ እየጎተተ፣ እየተገፋና እየዋለለ፣ ወደ ዳር ወሰዳት። ጀልባዋ ጭቃው ላይ ስለቆመች ክቡር ሚኒስትር ዴኤታ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀርባ ታዝለው ወደ ደረቁ ተሻገሩ። እዚያው ዋርካ ሥር፣ እግራቸው ጭቃ እንደያዘ፣ አራተኛውን አጀንዳ በሦስት ድምፅ ጣሉት። አቶ ኃይለ ገብርኤል ጫማቸውን ፍለጋ ውሃው ውስጥ ነበሩ።

ሙሉነሽ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። በሳምንቱ አዘዘ ከሥራ ታገደ። በሥራ ቸልተኛ ሆኖ የቦርዱን ሕይወት ለአደጋ አጋልጧል ተባለ። አዘዘ አንድም ነገር አልተናገረባትም። ወደብ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ስታየው ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፤ ከወቀሳ የባሰው ይኸው ፈገግታ ነበር። አዲስ አበባ ለአቶ አካሉ ደወለች።

«ክቡርነትዎ፣ አስቸኳይ ስብሰባ እንዲጠሩልኝ ፈልጌ ነው።»

«ምን አጀንዳ አለሽ?»

«እኔው ነኝ አጀንዳው።»

በዚያ ስብሰባ ላይ ቆማ ተናገረች። «ሞተሩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። አዘዘ ያዘዝሁትን ፈጸመ እንጂ ጥፋት የለበትም። በኋላ የተበላሸው ግን በራሱ ነው፤ እሱን አላዘዝሁትም።»

ዶክተር ሕዝቅኤል ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አመለጣቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ጠረጴዛ መቱ። «ትሰናበት! መንግሥት ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው!» ሀኒ ግን አልሳቀችም፣ ጠረጴዛም አልመታችም።

«ላይፍ ጃኬት እንደሌለ እያወቅሽ ነው ያሳፈርሽን?»

«አዎ።»

«እኔ ለእናቴ አንድ ልጅ ነኝ፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ።»

«ጥፋቴ ገብቶኛል።»

«ምን ገባሽ?»

ሙሉነሽ እንደ አባቷ ተማሪዎች ተንተባተበች። የሚስቅባት ሰው ከጀርባ ቢኖር ኖሮ ደህና አድርጎ ይስቅ ነበር። ከዚያ፣ «ዋና ዳይሬክተሩ ቦርዱን ሳያስፈቅዱ ጀልባዋን ቀየሩ ብዬ ተናደድሁ። እኔም እናንተን ሳላስፈቅድ ሐይቅ ላይ አቆምኋችሁ። ልዩነታችን እሳቸው ሶፋ ማስገባታቸው ብቻ ነው» አለች።

ክርክሩ ረዘመ። አቶ አካሉ ስልካቸው ሁለቴ ጮኾ ሁለቴ አጠፉት። በመጨረሻ አዘዘ ወደ ሥራው ይመለስ፣ ጀልባዋ ወደ ቀድሞ መልኳ ትመለስ፣ ዋና ዳይሬክተሩ ሳያስፈቅዱ ለሠሩት ቦርዱ ፊት ማብራሪያ ይስጡ፣ ጸሐፊዋ ከባድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት ተባለ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ማስጠንቀቂያው አነሰ ብለው ቅሬታቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ። መዝጋቢዋ እሷው ናትና መዘገበችላቸው። ሀኒ ረቂቁን ስታነብ «በስሕተት» የሚለውን ቃል ሰርዛ «ሆን ብላ» ብላ ጻፈችበት። «ይህም ይስተካከል» አለች። ተስተካከለ።

ፍሪጁ የዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ፣ ጀልባዋ ብርቱካናማ ሆነች። አቶ አካሉ ከሁለት ቦርዶች ለቀቁ፤ አንዱ የመኖው ነበር ይባላል። ጥራዙም ከዚያ ወዲያ ቀደም ብሎ ይላካል፤ ላለመላክ የሚሞክር ቢኖር ሀኒ በየማለዳው እየደወለች ሙሉነሽን እንቅልፍ ትነሣታለች። ሁለቱ ሴቶች ወዳጆች ሆነዋል ማለት ይከብዳል፤ ሀኒ እስከ ዛሬ ጀልባ ሲነሣባት ፊቷ ይለወጣል። ግን ባሕር ዳር በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠራት እሷን ነው።

በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የጎርጎራው ወደብ ጉዳይ ሲነሣ ክርክሩ እየጦፈ ሄዶ የማታው አውሮፕላን አመለጣቸው። በወረቀት ከመጨቃጨቅ ቦታውን ሄደን እንየው ብለው ተስማሙ። ሙሉነሽ ቃለ ጉባዔውን እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ በየዋህ ድምፅ፣ «በጎንደር በኩል ዞሮ በመኪና ከመድከም በሐይቁ መሻገር ያቀልላችኋል። አዘዘን ልንገረው?» አለች።

ሐሳቡ ያለ ምንም ውይይት በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ።